የቤት ካሜራ ምርጫ፦ ዘበኛ፣ ዲቪአር፣ ዋይፋይ፣ ክላውድ ወይስ በሲም የሚሠራ?

ካሜራ ልግዛ ብሎ መርካቶ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስለ ሜጋፒክስል ነው። ቀጥሎ በጨለማ ማየቱ፣ ከዚያ በስልክ መታየቱ ይነገረዋል። «ቀረጻውን ከእርስዎ ሌላ ማን እንዲያየው ይፈልጋሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ ግን አላጋጠመኝም። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

ካሜራ ሌባውን መርጦ አይቀርጽም። ሌባ በዓመት አንዴም ላይመጣ ይችላል። ልጆቻችሁ፣ ሠራተኛዋ፣ ተከራዩ፣ ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤት፣ እናንተም ራሳችሁ ግን በየቀኑ ትቀረጻላችሁ። ካሜራ ስትመርጡ ስለ ሌባው ከምትወስኑት ስለ ቤተሰቡ የምትወስኑት ይበልጣል።

እዚህ ብራንድ እየጠራሁ ይሄን ግዙ አልልም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የብር ቁጥርም አልጽፍም። የትኛው ብዙ ገንዘብ በአንዴ እንደሚጠይቅ፣ የትኛው ደግሞ በየወሩ ኪስ እንደሚነካ ግን እናገራለሁ።

## መጀመሪያ መመዘኛው

የፈራችሁት ምንድን ነው? አጥር ዘሎ የሚገባ ሌባ? ደጅ ካደረ መኪና ስፖኪዮ የሚነቅል? ከሱቅ መደርደሪያ የሚጎድል ዕቃ? ወይስ ሕፃን ለሠራተኛ ትቶ የመውጣት ጭንቀት? አራቱም የተለያየ መልስ አላቸው። ለሁሉም «ስምንት ካሜራ ይገጠም» የሚል ገጣሚ ካጋጠማችሁ የሚሸጠውን እንጂ ቤታችሁን አላየም።

ካሜራ ሌባ ያስቆማል የሚለውንም በልኩ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ግምገማ፣ በመንገድና በሕዝብ ቦታ ስለሚተከሉ ካሜራዎች የተደረጉ የ40 ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። ካሜራ ባለበት አካባቢ ወንጀል ወደ 13 በመቶ ቀንሶ አገኘ። ለውጡ ጎልቶ የታየው በመኪና ማቆሚያዎች ነው። በድብደባና በመሳሰሉት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። ሰው ቁጭ ብሎ የሚከታተላቸውና ከሌላ ጥበቃ ጋር የተጣመሩት ካሜራዎች የተሻለ ሠርተዋል። የቤት ካሜራ ሌላ ነገር ቢሆንም ነገሩ ይገባችኋል። ብቻውን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ማስረጃ ይሰጣችሁ ይሆናል፤ እጅ ግን የለውም።

ቀረጻው የት ያድራል? ሦስት ቦታ ሊያድር ይችላል። ቤታችሁ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ካሜራው ሆድ ውስጥ ባለ ሜሞሪ ካርድ ላይ፣ ወይም ባሕር ማዶ ባለ የኩባንያ ሰርቨር ላይ፤ ክላውድ የሚባለው ይህ ነው። ቤት ያደረ ነገር በሌባ ሊወሰድ ይችላል። ባሕር ማዶ ያደረ ነገር ደግሞ በማታውቁት ሰው ሊታይ ይችላል። ምርጫው የትኛው አደጋ ይብሳል የሚለው ነው።

ቁልፉ በማን እጅ ነው? እኛ አገር በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ገጣሚው ይመጣል፣ በራሱ ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥር አካውንት ይከፍታል፣ ለእናንተ «ሼር» ያደርግላችኋል። የማኔጀርነቱ ሥልጣን እሱ ጋ ቀረ ማለት ነው። ሰውዬው ጨዋ ሊሆን ይችላል። ግን ስልኩ ሊጠፋ ይችላል፣ ሥራ ሊቀይር ይችላል። ልጁ ሲጨቃጭቀው ለጨዋታ ስልኩን የሚሰጥም ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሎናችሁ የማታውቁት ሰው ኪስ ውስጥ ሊኖር ነው።

ማን ይቀረጻል? የጋራ ደረጃ፣ የጎረቤት መስኮት፣ የሰርቪስ ቤቱ በር፣ ልብስ የሚሰጣበት ጓሮ። ካሜራውን ከመስቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ከዚያው ከፍታ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ የእናንተ ያልሆነ ምን ይታያል? መልሱ ካሜራው ወዴት መዞር እንዳለበት ይነግራችኋል።

ድምፅስ? ብዙ ሰው ካሜራው ማይክ እንዳለው እንኳን አያውቅም። ምስል ሰው ሲያልፍ ያሳያል፤ ድምፅ ግን ሰው ያማውን፣ የታመመበትን፣ የተበደረውን ይይዛል። እኔ ለሌባ መከላከያ ድምፅ ያስፈለገበት ቤት አላየሁም። አጥፉት።

የመብራትና የኔት መቆራረጥን እንዲሁም ወጪን በየአማራጩ አነሳዋለሁ።

## ዘበኛ ወይም የሰፈር ጥበቃ

ከካሜራ ጋር ማወዳደሩ ይገርም ይሆናል። ግን አብዛኛው ቤት የሚወስነው በትክክል በእነዚህ መሃል ነው። ለዘበኛ ደመወዝ ይሁን ወይስ ለካሜራ?

ዘበኛ ይጮኻል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ያባርራል። የሰፈሩን ሰው ከእንግዳው ይለያል። መብራት ሲጠፋ አይጠፋም። በብዙ ሰፈር እያንዳንዱ ቤት በወር እያዋጣ በጋራ የሚቀጥራቸው የሌሊት ጠባቂዎች አሉ። ለአንድ ቤት ሲካፈል ወጪው ቀላል ነው።

ግላዊነትስ? ዘበኛም ያያል። መቼ እንደገባችሁ፣ ማን እንዳመሸ፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ ያውቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወሬ ይወዳል። ነገር ግን ያየውን ወደ ኋላ መልሶ ማጫወት አይችልም፣ በአንድ ጊዜ ለሺህ ሰው አይልከውም። ሲያሳፍራችሁም ፊት ለፊት ልታናግሩት ትችላላችሁ። ከኩባንያ ሰርቨር ጋር እንዲህ ያለ ንግግር የለም።

ድካሙ ግልጽ ነው። ያንቀላፋል። ዕቃ ሲጠፋ የእሱ ቃል ብቻ ነው ያለው። ከሌባ ጋር ተነካክቷል ተብሎ የሚጠረጠረውም መጀመሪያ እሱ ነው። በር ላይ አንድ ካሜራ መኖሩ ዘበኛውን ራሱን ከሐሰት ክስ ሊያድነው ይችላል። ይህንን ለዘበኞች ስትነግሯቸው ብዙዎቹ ካሜራውን አይጠሉትም።

## በገመድ የሚሠራ ዲቪአር

ሱቅ ውስጥ የምታዩት የተለመደው ዓይነት ነው። ከየካሜራው ገመድ ይወጣል፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ሣጥኑ ውስጥ ሃርድ ዲስክ አለ። ዲቪአር የሚባለው ይህ ሣጥን ነው። በኔትወርክ ኬብል የሚሠራው ኤንቪአር ይባላል። መብራቱንም ምስሉንም በአንድ ኬብል ያሳልፋል፤ የኬብሉ ርዝመት ግን ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

ስንት ቀን ይይዛል? ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ራሳችሁ ሥሩት። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀርጽ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሆናል። አራት ካሜራ 86 ጊጋባይት ገደማ። ስለዚህ 1 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ያህል ይዞ አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን ይጽፋል። ኤች 265 የሚባለው አዲሱ አጨማመቅ ካለው ቦታው በግማሽ ገደማ ስለሚቆጠብ ወደ ሦስት ሳምንት ይጠጋል። ሻጩ «4 ቴራ ካልሆነ» ቢላችሁ ለምን በሉት። ለቤት ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቀረጻ ጥቅሙ ትንሽ ነው። የሰው ውሎ ግን ይከማቻል።

የዲቪአር ትልቁ ጥሩነት ኢንተርኔት አለመፈለጉ ነው። የኔት ገመዱን ካላስገባችሁበት ከቤት የሚወጣ ነገር የለም። በግላዊነት ከካሜራዎቹ ሁሉ አንደኛ የምለው ይህንን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው «በስልኬም ልየው» ስትሉ ነው። ያኔ ሣጥኑ ከዓለም ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ ብዙ ሺህ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን ተቆጣጥሮ ነበር። የተጠቀመው ዘዴ ተራ ነው። ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡትን ስምና ፓስዎርድ፣ ከ60 በላይ ጥንዶችን፣ እየሞከረ መግባት። በዚያ ዓመት ጥቅምት ውስጥ እነዚህን መሣሪያዎች አሰልፎ አሜሪካ ውስጥ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አደናቀፈ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሂክቪዥን በተባለው ኩባንያ ካሜራዎች ላይ ያለ ፓስዎርድ መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር የሚያስችል ክፍተት ተገኘ። ኩባንያው ማስተካከያ አወጣ፤ ግን ማስተካከያው የሚሠራው ለጫነው ሰው ነው። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ሶፍትዌሩ ታድሶ የሚያውቅ ካሜራ በሰፈራችሁ ስንት አለ?

መብራት ሲጠፋ ዲቪአር አብሮ ይጠፋል። አራት ካሜራና ሣጥኑ አንድ ላይ ከ30 እስከ 40 ዋት ገደማ ይበላሉ። ለኮምፒውተር የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ፣ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በላይ አያቆየውም። ሌሊቱን ሙሉ ለማሳደር የመኪና ባትሪ የሚያህል ያስፈልጋል።

ሌላው ነገር፣ ሣጥኑን ቴሌቪዥን ሥር አታስቀምጡት። ቤት የገባ ሌባ ቴሌቪዥኑን ሲያነሳ እሱንም ይጨምረዋል። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ኮርኒስ ላይ፣ አየር በሚያገኝበት የተቆለፈ ቦታ ይሁን።

## ዋይፋይ ካሜራ ከሜሞሪ ካርድ ጋር

አምፖል ቦታ የሚገጠመው፣ የሚዞረው፣ የሚያናግረው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። ርካሽ ነው፣ ገመድ መዘርጋት አይፈልግም፣ ቤት ስትቀይሩ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ተከራይ የሚወደውም ለዚህ ነው። 128 ጊጋባይት ካርድ ያለማቋረጥ ሲቀርጽ ስድስት ቀን ያህል ይይዛል፤ እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ እንዲቀርጽ ካደረጋችሁት ከዚያ በጣም ይረዝማል።

ብዙ ሰው «ካርድ ላይ ነው የሚቀርጸው፣ ስለዚህ ከቤት አይወጣም» ይላል። ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ስልካችሁ ላይ ስትከፍቱት ግንኙነቱ የሚዘጋጀው በአምራቹ ሰርቨር በኩል ነው። አካውንታችሁ፣ የዋይፋያችሁ ስም፣ «ሰው ታይቷል» የሚለው ማስጠንቀቂያና አብሮት የሚመጣው ትንሽ ፎቶ በዚያው በኩል ሊያልፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ዩፊ የተባለ የካሜራ ብራንድ «ሁሉም ቤትዎ ይቀራል» እያለ ሲሸጥ ከቆየ በኋላ የማስጠንቀቂያ ፎቶዎቹ ወደ ክላውድ እንደሚሄዱ የደኅንነት ባለሙያዎች አጋልጠውበታል።

በዚያ ላይ ካሜራውን የነቀለ ሌባ ማስረጃውንም ይዞት ሄደ ማለት ነው። ራውተሩ ሲጠፋ ማስጠንቀቂያ የለም። የሚዞረው ዓይነት ደግሞ ከሩቅ ሆኖ መኝታ ቤት ድረስ ሊዞር ስለሚችል ቤት ውስጥ ካስቀመጣችሁት ቋሚውን ምረጡ።

ካሜራውን ለሰው ከመስጠታችሁ ወይም ከመሸጣችሁ በፊት ካርዱን አውጡ፣ ካሜራውንም ከአካውንታችሁ ሰርዙት። አሮጌ የተገዛ ከሆነም ይኸው በተቃራኒው ነው። የቀድሞው ባለቤት አካውንት ላይ እንዳለ ቢቀር ቤታችሁን የሚያየው እሱ ነው።

## ክላውድና የበር ደወል ካሜራ

ይህ በዋናነት የውጭ አገር ኑሮ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለት እንቅፋት አለበት። የወር ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ሙሉ ቀን የሚልክ አንድ ካሜራ ደግሞ በወር ወደ 650 ጊጋባይት ሽቅብ ይጭናል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ የሚልክ ከሆነ ይቀላል፤ ግን ኔቱ በተቆራረጠበት ሰዓት የሆነው ነገር አይኖራችሁም።

ጥሩ ጎኑ፣ ሌባ ካሜራውን ቢሰብረውም ቀረጻው ተርፏል። አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ዋጋው ግን ቀረጻውን ለኩባንያ አደራ መስጠት ነው፤ አደራ በላ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን የአማዞን ኩባንያ ከሶ 5.8 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። በክሱ መሠረት ሠራተኞች የደንበኞችን ቪዲዮ እንደፈለጉ መክፈት ይችሉ ነበር፤ አንዱ ሠራተኛ የሴቶችን መኝታና መታጠቢያ ቤት የሚያሳዩ በሺህ የሚቆጠሩ ቀረጻዎችን አይቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ ዋይዝ የተባለው ኩባንያ ከአገልግሎት መቋረጥ ሲመለስ ወደ 13,000 ለሚጠጉ ሰዎች የሌላ ሰው ካሜራ ምስል አሳይቷል። ጠላፊ አልገባም። የሥርዓት ስህተት ነው።

ውጭ ለምትኖሩ ሕጉ ከዕቃው እኩል አስፈላጊ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የተወሰነ አንድ ጉዳይ አለ። ቼክ ውስጥ ቤቱ በተደጋጋሚ የተጠቃበት ሰው ካሜራ ይተክላል። ካሜራው መስኮት የሰበሩ ሁለት ተጠርጣሪዎችን ይይዛል። ግን መንገዱንና ፊት ለፊት ያለውን ቤት መግቢያም ይቀርጽ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሕዝብ መንገድ የሚቀርጽ ካሜራ «የግል ጉዳይ ብቻ» ተብሎ ከመረጃ ጥበቃ ሕጉ ነጻ አይሆንም አለ። ንብረትንና ቤተሰብን የመጠበቅ ጥቅም እንደሚመዘንለት ግን አልካደም። እንግሊዝ ኦክስፎርድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 በተወሰነ ክስ ደግሞ ከሳሿን ጎረቤት አሸናፊ ያደረጋት በተለይ ድምፁ ነው። የደወሉና የካሜራዎቹ ማይክ ከባለቤቱ ግቢ እጅግ ርቆ ንግግር ይይዝ ነበር።

አሜሪካም ድምፅ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው በሜሪላንድ ሕግ ሥር ስለሆነ የግል ንግግር ለመቅዳት የተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለው አንድ ተነጋጋሪ ከፈቀደ ይበቃዋል። ግን ልብ በሉ፤ እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁ ካሜራው ሁለት ሌሎች ሰዎች ሲያወሩ ቢቀዳ እናንተ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ አይደላችሁም። «አንዱ ከፈቀደ» የሚለው አያድናችሁም።

## በሲምና በሶላር የሚሠራ

መብራትም ዋይፋይም በሌለበት ቦታ፣ ግንባታ ላይ ያለ ቤት፣ የእርሻ መሬት፣ መጋዘን፣ ሌላው አማራጭ አይሆንም። ይህ የራሱ ባትሪ አለው፣ በሲም ዳታ ይልካል። ያለማቋረጥ አይቀርጽም፤ የሰው ሙቀት ወይም እንቅስቃሴ ሲሰማው ይነቃል። ስለዚህ አንዳንዴ የፍየል ምስል ይልክላችኋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሮጦ ያለፈ ሰው ጀርባውን ብቻ ታያላችሁ።

ክረምት ላይ ፓነሉ በቂ ፀሐይ ስለማያገኝ ባትሪው ይደክማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሞከሩ ከጥር ሙከራ ይልቅ እውነቱን ይነግራችኋል። ዳታው በየወሩ ይከፈላል፤ ቀጥታ ስርጭት እየከፈታችሁ የምትቆዩ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ሲሙ በማን ስም ነው የወጣው? የገጣሚው ከሆነ አስቀይሩት።

## ቤት ውስጥ

ሕፃን ለሰው ትቶ መዋል ያስጨንቃል፣ ይህን ጭንቀት አቅልሎ የሚያይ ልጅ የሌለው ሰው ነው። ሆኖም የደበቃችሁት ካሜራ አንድ ቀን ይገኛል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ እምነት የሚባል ነገር አይኖርም። ሠራተኛዋ ስትቀጠር ንገሯት። «ሳሎንና ኮሪደር ላይ ካሜራ አለ፣ ድምፅ የለውም፣ ክፍልሽ ውስጥ የለም» ብላችሁ አሳዩአት። የምትተኛበት ክፍልና መታጠቢያ ቤት ላይ ምንም ምክንያት አይሠራም። እሷ ለብዙ ወራት ቤቴ የምትለው እሱኑ ክፍል ብቻ ነው።

አከራዮችም እንዲሁ። ግቢው የእናንተ ነው፤ የተከራዩ ደጃፍ ግን የተከራዩ ኑሮ ነው። ማን እንዳደረ ለማወቅ የተተከለ ካሜራ ከደኅንነት ጋር አይገናኝም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው የግል ሕይወት ይጠብቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ ለሚሰበስቡ ግዴታ አስቀምጧል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሱቅ፣ ቢሮ፣ ሆቴል ወይም የኮንዶሚኒየም ማኅበር ከሆናችሁ አዋጁን አንብቡት። ቢያንስ ካሜራ መኖሩን የሚናገር ወረቀት በር ላይ ለጥፉ። ወረቀቱ ሌባንም ያስጠነቅቃል፤ ከሜጋፒክስሉ ይልቅ እሱ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

## በአንድ ላይ ሲታይ

| መመዘኛ | ዘበኛ | ዲቪአር | ዋይፋይ ከካርድ ጋር | ክላውድ | ሲምና ሶላር |
|---|---|---|---|---|---|
| በቦታው ጣልቃ መግባት | ይችላል | አይችልም | ማስጠንቀቂያ ይልካል | ማስጠንቀቂያ ይልካል | ዘግይቶም ቢሆን ይልካል |
| ማስረጃ | ቃል ብቻ | ጠንካራ | መካከለኛ | ጠንካራ፣ ኔት ካለ | ደካማ እስከ መካከለኛ |
| ቀረጻው የሚያድርበት | ጭንቅላቱ ውስጥ | ቤት ያለ ዲስክ | ካሜራው ውስጥ | የኩባንያ ሰርቨር | ካርድ ወይም ሰርቨር |
| ሌላ ሰው የማየት ዕድል | ወሬ | ያለ ኔት ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| መብራት ሲጠፋ | ይሠራል | ባትሪ ይፈልጋል | ይጠፋል | አብዛኛው ይጠፋል | ይሠራል |
| ኔት ሲጠፋ | ይሠራል | ይቀርጻል | ካርድ ላይ ይቀርጻል | አይቀርጽም | ካርድ ካለው ይቀርጻል |
| የመነሻ ወጪ | የለም | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| የወር ወጪ | ደመወዝ ወይም መዋጮ | የለም ማለት ይቻላል | የዋይፋይ | ክፍያ በውጭ ምንዛሪ | የዳታ |

## ማን የቱን ቢወስድ?

ኮንዶሚኒየም ተከራይታችሁ በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ አንድ ቋሚ ዋይፋይ ካሜራ ከውስጥ ሆኖ ወደ በሩ እንዲያይ አድርጉ። ቤት ስትሆኑ ሶኬቱን ንቀሉት። ኮሪደሩ የጋራ ስለሆነ ደጅ ለመትከል ጎረቤት ጠይቁ። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ቤት ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው ጥሩ ቁልፍና የብረት በር ላይ ነው።

ግቢ ያለው ቤት ከሆነ የሰፈር ጥበቃ መዋጮውን አታቋርጡ። በላዩ ላይ ሁለት ካሜራ ያለው ዲቪአር፣ አንዱ ውጭ በሩ ላይ፣ አንዱ ከግቢ ወደ ቤቱ መግቢያ። ኢንተርኔት የሌለው፣ ድምፅ የሌለው። ምርጫዬ ይህ ነው፣ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከዚህ በላይ አያስፈልግም እላለሁ። አራትና ስምንት ካሜራ የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ሣጥኑ ቀዳዳ ስላለው ነው።

ሱቅ ከሆነ ዲቪአር፣ ከዩፒኤስ ጋር። አንዱ ካሜራ ገንዘብ መቀበያው ላይ፣ አንዱ በሩ ላይ በሰው ፊት ቁመት። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳየው ኮፍያ ነው። ልብስ መለኪያ ክፍል ካላችሁ በዚያ አቅጣጫ ምንም አይዙር።

ውጭ ሆናችሁ አገር ቤት እየገነባችሁ ከሆነ በሲም የሚሠራው፣ ከታመነ ጠባቂ ጋር። ሲሚንቶውን የሚቆጥረው ሰው ነው። ሠራተኞቹ ምሳ የሚበሉበትን ቦታ ሳይሆን የዕቃ ማከማቻውን ያሳያችሁ።

እናትና አባታችሁን ከሩቅ ለማየት ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ስለ ጤናቸው ሰግታችሁ ነው፣ ይገባኛል። ግን እናታችሁ ነጠላቸውን አውልቀው በቤታቸው እንደፈለጉ የሚሆኑበት ሳሎን ነው። «እማዬ፣ ካሜራ ላስገባልሽ?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ እንደ ስጦታ በአጎት ልጅ አትላኩ። እሺ ካሉ ሌንሱን የሚሸፍን ክዳን ያለውን ግዙ፤ ክዳኑን የመዝጋት ሥልጣን የእሳቸው ይሁን። ብዙ ጊዜ ለዚህ ጉዳይ በቀን ሁለቴ መደወልና የጎረቤት ስልክ መያዝ ከካሜራ ይሻላል።

## ገጣሚው ከመሄዱ በፊት

አካውንቱ በእናንተ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር ይከፈት። ከፋብሪካ የመጣውን ፓስዎርድ አጠገባችሁ ሆኖ ይቀይር፤ አዲሱን እናንተ ጻፉት፣ እሱ አይየው። ማይኩን አጥፉ። የጎረቤት መስኮት የሚታይ ከሆነ አብዛኞቹ ዲቪአሮች ያንን ቦታ በጥቁር የሚሸፍን ምርጫ ስላላቸው አሠሩት። የሶፍትዌር ማደሻውን አሁኑኑ ያስጭን። ቀረጻ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ያድርግ። ሰዓቱና ቀኑ ትክክል መሆኑን እዩ፤ ሰዓቱ የተዛባ ቀረጻ ፖሊስ ጣቢያ ይዛችሁት ብትሄዱ ያከራክራል።

በመጨረሻ «እስቲ በስልክህ ክፈተው» በሉት። ከተከፈተለት ሥራው አላለቀም፣ ቀሪ ሒሳቡን አትክፈሉ።